በዳሽቦርዱ ላይ የዋሸችው መብራት

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። ነገሩ ከደረሰ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ዛሬም አንድ የታጠፈ ወረቀት ሳስታውስ የያዝኩትን መፍቻ እወረውራለሁ። የእርጅና ንጭንጭ እንዳይመስላችሁ። ሰባ ዓመት ቢያልፈኝም የጭነት መኪና ካምቢዮ፣ ያንን የማርሽ ሣጥን፣ በደረቴ ደግፌ የማወርድ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቁልኝ። ከጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ የወረደ፣ ከካራቆሬ ሲመጣ ሞተሩ የፈላበት ሾፌር ሁሉ ሸዋ ሮቢት ሲገባ «የጋሽ ተሰማ ጋራዥ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ፤ ሾፌሩ ሲፈታ በዓይኔ እየሰረቅሁ፣ እሱ ሲተኛ ራሴ እየፈታሁና እየገጠምኩ ሙያውን ያዝኩ። እንግሊዝኛውን ከመለዋወጫ ካታሎግ ላይ በመዝገበ ቃላት ለቅሜ ተማርኩት። ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች በመሣሪያ የሚፈልጉትን ብልሽት እኔ ሞተሩ ሲነሳ በጆሮዬ እለየዋለሁ። ይህን ጉራ ነው የሚል ካለ ጋራዤ መጥቶ ይየኝ።

ስለዚህ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ መኪኖች ሲበዙ ሌሎቹ መካኒኮች ሸሹ፤ እኔ አልሸሸሁም። ድፍረቴ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ።

ሰኞ ማለዳ ነው። ሰይድ ነጭ ፒክአፑን ደጄ ላይ አቆመ። ሰይድ በዚያ ጊዜ በአካባቢያችን የመስኖ ቦይ ያስጠና ለነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ሃያ ዓመት ሲነዳ ፍየል እንኳ ገጭቶ አያውቅም። መኪናዋን እንደ ልጅ ነው የሚይዛት።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ሆና መጣች ሙሽራህ?»

«ፎር ዊል ሳስገባ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቀጥ ብላ አትበራም። ቀያሾቹን ወደ ተራራው ግርጌ ላደርስ ነው፤ ያንን አሸዋማ ወንዝ ያለ ፎር ዊል አልደፍረውም።»

«መቼ ጀመራት?»

«ቅዳሜ ወንዝ ወስጄ አጠብኳት፤ ከዚያ ወዲህ ነው።»

ልብ በሉ፤ ብልሽቱ የት እንዳለ ነግሮኛል። ሾፌሮቻችን መኪና የሚያጥቡት ሮቢ ወንዝ ውስጥ እስከ ሆዱ ነክረው ነው። ውሃው ከሥር ባሉት ሶኬቶች ይገባል። የሚሰማ ጆሮ ቢኖረኝ ሥራው ሁለት ደቂቃ ነበር።

ለማታውቁት አሠራሩን ላስረዳ። ድሮ ፎር ዊል የሚገባው በዱላ ነበር። ከማርሹ አጠገብ ሁለተኛ አጭር ዱላ አለች፤ ሾፌሩ በክንዱ ይጎትታታል፤ ጥርስ ከጥርስ ይገጥማል፤ የፊት ጎማዎቹም ኃይል ያገኛሉ። በአዲሶቹ ዱላ የለም፤ ዳሽቦርዱ ላይ የምትዞር ቁልፍ ብቻ አለች። ቁልፏ አታስገባም፤ ትጠይቃለች እንጂ። ጥያቄው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ያያል፣ የጎማዎቹን አዟዟር ያመሳክራል። ከፈቀደ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያከፋፍለው ሣጥን ላይ ለተገጠመች ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ ይልካል። ሞተሯ ዞራ ጥርሱን ታስገባለች። በመጨረሻ ከፊት በኩል ያለች ሴንሰር «ገብቷል» የሚል መልስ ትልካለች፤ ያኔ አረንጓዴዋ መብራት ቀጥ ብላ ትበራለች። ብልጭ ድርግም ካለች፣ ጥያቄው ሄዷል፣ መልሱ ግን አልመጣም ማለት ነው።

ይህን ሰኞ ማለዳም አውቀው ነበር፤ በእንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ። ያልነበረኝ ትዕግሥት ነው።

እኛ የቆላ መካኒኮች «ቀጥታ» የምንለው ልማድ አለን። በዚህ ሙቀት የራዲያተር ማራገቢያ እምቢ ሲል፣ ሴንሰሩን ማን ይመረምራል? ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ይሳብለታል፤ ይዞራል፤ ሾፌሩ አመስግኖ ይሄዳል። ስንት መኪና በቀጥታ አስነስቻለሁ! እና ከመኪናዋ ሥር ገባሁና የትንሿን ሞተር ሶኬት ነቅዬ ከባትሪ ቀጥታ ሰጠኋት።

ሞተሯ ዝዝዝ አለች። ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ሰማህ?» አልኩት ሰይድን ከሥር ሆኜ። «ይኸውልህ፣ ጥርሱ ገባ!»

ሶኬቱን መለስኩ። ቁልፏን አዙር አልኩት። ሞተሯ ትጮኻለች፣ መብራቷ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም። «ሴንሰሯ ናት የተበላሸችው» አልኩና የሴንሰሯን ሁለት ሽቦዎች ቆርጬ እርስ በርስ አጠላለፍኳቸው። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «ገብቷል» የሚል መልስ እንዲያገኝ ማለት ነው። መብራቷ ቀጥ ብላ በራች።

«ጋሼ፣ እንዲህ ይሆናል እንዴ?» አለኝ ሰይድ።

«አንተ ንዳ። የማን እጅ እንደነካት አታውቅም?»

«አውቃለሁ እንጂ። ወላሂ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!»

በዚህ ቃል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የደረሰውን ሰይድ ራሱ እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ብቻ ነው። የሮቢት ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር፤ ከላይ ደጋው ላይ ግን ደመናው ጥቁር ነው። ሰይድ ቆሞ ቁልፏን አዞረ። መብራቷ ቀጥ ብላ በራች። ባትበራ ኖሮ አይገባም ነበር፤ መብራቷን አይቶ ገባ። መሃል ላይ የኋላ ጎማዎቹ መስመጥ ጀመሩ፤ የፊቶቹ ዝም ብለው ቆመዋል። አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አላት። መብራቷ ግን እንደበራች ነው።

ያኔ ከላይ ድምፅ መጣ። የቆላ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ደራሽ ጎርፍ ነው። ሰይድ «ውረዱ!» ብሎ ጮኸ። ትርሲት የምትባለዋ ቀያሽ ስትዘል ድንጋይ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። የቅየሳ መሣሪያውን ጎርፉ ወሰደው። ወንዙ ዳር ሲያርስ የነበረ አንድ የትራክተር ሹፌር ገመድ ወርውሮ መኪናዋን ባያወጣት እሷም ትሄድ ነበር። ሰይድ የወጣው የመጨረሻ ነው፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሶ።

ማክሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ኃላፊ አቶ ደረጀ ጋራዤ መጣ። የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎን የሚያህል ባለሙያ በዚህ አገር የለም» ብሎ ጀመረ።

«እሱስ የታወቀ ነው» አልኩ።

«ትናንት መኪናዋ ከእርስዎ ስትወጣ ደህና ነበረች አይደል?»

«ከእኔ ጋራዥ ደህና ያልሆነ መኪና ወጥቶ ያውቃል?»

«እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ይፈርሙልን።»

ወረቀቱ «ፎር ዊሉ ተፈትሾ በትክክል እየሠራ መውጣቱን አረጋግጣለሁ» ይላል። የሰይድ ስም የለበትም። የወንዙን አደጋ ገና አልሰማሁም ነበር፤ ለምን እንደፈለገውም አልጠየቅሁም። ስሜን በትልቁ ጽፌ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ስመልስለት እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር!

በዚያው ቀን ከሰዓት ሰይድ መጣ። መኪና የለውም፤ በእግሩ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። የጎርፉን ነገር መጀመሪያ ነገረኝ።

«ከሥራ ታገድኩ ጋሼ። ከአዲስ አበባ ኢንጂነር አስመጥተው ነበር። መኪናዋን በኮምፒውተር መረመራት። ሣጥኑ ላይ ያለው ጥርስ ተሰብሯል፤ ሾፌሩ በፍጥነት እየነዳ በግድ ሊያስገባ ሞክሮ ነው የሰበረው ብሎ ጻፈ። ነገ ኮሚቴው ሊያሰናብተኝ ነው። አስተማሪ ሆኖ የተመደበ ልጄ እንኳ ደውሎ 'አባዬ፣ እውነት ቸኩለህ ነው?' አለኝ።»

ደሜ ፈላ! ጋራዤ ውስጥ አራት አምስት ሾፌሮች ነበሩ። በእጄ የያዝኩትን መፍቻ፣ ቺያቤውን፣ መሬት ላይ ወረወርኩት።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ይህ ኢንጂነር የተባለው ቁልፍና ዱላ አይለይም! ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ ከመኪናዋ ሥር ሳይገባ ስክሪን አንብቦ ነው ሰው የሚያባርረው። በኤሌክትሮኒክስ ፎር ዊል ሾፌር ጥርስ መስበር አይችልም! በመቶ እየነዳ ቁልፏን ሺ ጊዜ ቢያዞራት ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል። ሞተሯ ኤሌክትሪክ አታገኝም። ያንን ጥርስ ሊሰብር የሚችለው ኮምፒውተሩን ዘልሎ ለሞተሯ ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሰጠ...»

ጎንበስ ብዬ ቺያቤውን ከመሬት አነሳሁ።

«የሰጠ ምን?» አለ አንዱ ሾፌር።

ሰይድ አየኝ። ሰኞ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ግን በእኔ እጅ ላይ ጥርጣሬ ማሳደር አልሆነለትም። ይህ ነው ከሁሉ የሚያናድደኝ።

«ሂድ አሁን» አልኩት። «ነገ ጠዋት እዚያው እንገናኝ።»

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ደረስኩ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ «ጋሼ፣ የረሱት መፍቻ አለ እንዴ?» ብሎ ከፈተልኝ። ምንጣፍ አንጥፌ ከፒክአፑ ሥር ገባሁ። መጀመሪያ ሰኞ ልነካው ይገባ የነበረውን የሴንሰሯን ሶኬት ነቀልኩ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነው። የወንዝ ውሃ። በብሩሽ አጸዳሁት፤ ቴስተር አገናኘሁ፤ ሴንሰሯ ሕያው ናት።

አንባቢዎቼ፣ ገባችሁ? መኪናዋ ሰኞ ማለዳ ወደ እኔ ስትመጣ ፎር ዊሏ ይሠራ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ይነዱ ነበር። የጎደለው መልሱን የሚያደርሰው ሶኬት ብቻ ነው። ያ «ቀጭ» ያለው ድምፅ ደግሞ ሞተሯ የውስጧን የፕላስቲክ ጥርስ ስትልጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ሲልክ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያውቃል፤ እኔ ቀጥታ ስሰጥ ግን የሚያቆማት ስላልነበረ መጨረሻዋን አልፋ ዞረች። ጤነኛ ነገር ገደልኩና መሞቱን እንዳይናገር መብራቷን አስዋሸሁ።

ከሥር ተኝቼ ራሴን ሰደብኩት። የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሳይጠሩኝ ገባሁ። ሰይድ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ኢንጂነሩ ሚኪያስ ላፕቶፑን ከፍቷል።

«ጋሽ ተሰማ» አለ አቶ ደረጀ፣ «ምስክርነትዎ በጽሑፍ ደርሶናል፤ መልፋት አልነበረብዎትም።»

«ወረቀቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆነ?»

«ሐሰት ነው። ሳላጣራ ነው የፈረምኩት።» ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው በመቶ እየነዳ ቁልፏን ቢያዞር ምን ይሆናል?»

«ኮምፒውተሩ አይቀበለውም» አለ።

«በግድ ቢያስገባውስ?»

«በምን ያስገድደዋል? ቁልፏ ከጥርሱ ጋር...» ቆመ። ፊቱ ቀላ።

«ጨርሰው እንጂ!»

«ቁልፏ ከጥርሱ ጋር አትገናኝም።»

«ታዲያ ትናንት ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ሰው ልታስባርር?»

«ስክሪኑ ሞተሯ ምንም ሳትገፋ በባዶዋ መዞሯን ነው ያሳየኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምክንያቱን እኔ ነኝ የገመትኩት።»

«ታዲያ ማን ሰበረው?» አለ ደረጀ።

«እኔ።»

ከኮሚቴው አንዷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ማንም ሳይከተላት ሲቀር አቆመች። ደረጀ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ፤ ጆሮዬ ላይ ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። ስምዎን ያስቡ እንጂ። ይህ ከተሰማ ማን መኪናውን ያመጣልዎታል?»

«ስሜን ሳስብ ነው ሰኞ መኪናዋን ያጠፋኋት» አልኩት ሁሉም እንዲሰማ። «ማክሰኞም የፈረምኩልህ ስሜን ሳስብ ነው። አንተም ይህን አውቀህ ነው አሞግሰህ ያስፈረምከኝ። ወረቀቱን አምጣ!»

አላመጣም። እኔ ግን ሁሉንም ወደ ግቢው አስወጣኋቸው። ኢንጂነሩን በነጭ ሸሚዙ ከመኪናዋ ሥር አስገባሁት፤ ፒንሳ ሰጠሁት፤ ያጠላለፍኩትን ሽቦ በእጁ አሳየሁት። «ቁረጠው» አልኩት። ሰይድ ቁልፏን አዞረ፤ ሁለት ቀን ቀጥ ብላ የበራችው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሞተሯን ፈታናት። ከውስጧ የተላጠው የፕላስቲክ ጥርስ መዳፌ ላይ እንደ በሶ ተበተነ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳሁ፤ ሞተሯ የምታዞረውን ዘንግ በመፍቻ በእጄ አዞርኩት፤ ያጸዳሁትን ሴንሰር አገናኘሁ። መብራቷ በራች። የፊት ጎማውን ደረጀ ራሱ በእጁ እንዲሞክር አደረግሁ፤ ብቻውን አልዞር አለው፤ ተይዟል። ያ ሣጥን አልተሰበረም ነበር፤ የተሰበረው ሞተሯ ውስጥ ያለው ነው።

ኢንጂነሩ ከሥር ሲወጣ ሸሚዙ ዘይት በዘይት ሆኗል። «ጋሼ፣ ሪፖርቴን ቀይሬ እጽፋለሁ» አለኝ። ጻፈም። እኔም በራሴ እጅ፣ በራሴ ፊደል «የሞተሯን ጥርስ የሰበርኩት፣ መብራቷ ያለ አግባብ እንድትበራ ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሞተሯን እኔ ተካሁ። ከዚያ ሆስፒታል ሄጄ ትርሲትን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ክንዷ በጀሶ ታስሮ ነበር። «መብራቷ እኮ በርታ ነበር» አለችኝ።

ያ ቀን ምን ቀየረኝ ብትሉኝ፣ ትሑት አላደረገኝም፤ አልዋሻችሁም። አሁንም ከጣርማ በር እስከ ካራቆሬ የሚወዳደረኝ መካኒክ የለም እላለሁ። ግን ኮምፒውተር ገዝቼ በዚህ ዕድሜዬ ማንበብ ተማርኩ፤ ማንም አላስተማረኝም። ስክሪኑ የሚለኝን አነባለሁ፤ ከዚያ ከሥር ገብቼ እውነት መሆኑን በእጄ አረጋግጣለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ምንም አልነካም። ከዚያ ወዲህ ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ስቤ አላውቅም።

እናንተ መኪና ያላችሁም ስሙኝ። ፎር ዊላችሁ ተሠራ ሲሏችሁ መብራት አይታችሁ አትሂዱ። ባለበት አቁሙ፤ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አስነሱ፤ በእጃችሁ አዙሩት፤ ብቻውን ከዞረ ፎር ዊሉ አልገባም። መካኒኩ ቢቆጣችሁ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ነውና መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። መኪና ከመንካቱ በፊት «መቼ ጀመራት? ምን አድርገሃት ነበር?» ብሎ የማይጠይቃችሁን፣ ጠይቆም መልሱን የማይሰማችሁን አትመኑት። በደረጀ ላይ ዛሬም ተናድጃለሁ። ስክሪን አንብበው ሰው ላይ በሚፈርዱት ላይ ተናድጃለሁ። ግን ከሁሉ በላይ በማን ላይ እንደተናደድኩ ታውቃላችሁ።

ያን ረቡዕ ሁሉም ከተበተነ በኋላ ሰይድና እኔ ግቢው ውስጥ ቀረን። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ቁልፏን ስንቴ እንዳዞርኩ፣ ቆሜ ይሁን እየሄድኩ ሳስብ አደርኩ። እርስዎ ደህና ናት ብለው ፈርመዋል አሉኝ። እርስዎ ከፈረሙማ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ ልሰጣቸው ነው የመጣሁት።»

ተቀብዬ አነበብኩት። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ቆሞ ቁልፏን ያዞረ ሰው፣ በፍጥነት እየነዳ ማዞሩን አምኖ ጽፏል። ከሥሩ ፈርሟል።